በሹክሹክታ የሚዘፈን ኦፔራ፦ የሳልቫቶሬ ሻሪኖ ሙዚቃ እንዴት ይሠራል?

የጣልያን ኦፔራ ሲባል ብዙዎቻችን ፊት የሚደቀነው ደረቱን ነፍቶ የሚዘፍን ቴነር፣ ኦርኬስትራውን አልፎ ሰገነቱ ጥግ ድረስ የሚደርስ ድምፅ፣ ከዚያም አዳራሹን የሚያናውጥ ጭብጨባ ነው። የቬርዲና የፑቺኒ አገር ነውና አይፈረድብንም። ዛሬ በሕይወት ካሉ የአገሪቱ የሙዚቃ ደራሲዎች መካከል ስሙ ከፊት ከሚነሳው አንዱ፣ ሳልቫቶሬ ሻሪኖ፣ የሚጽፈው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው። በእሱ ኦፔራ ዘፋኙ ለራሱ እንደሚያጉተመትም ሰው ይዘፍናል። ፍሉት የሚባለውን የብረት ዋሽንት የሚነፋው ከማዜም ይልቅ ይተነፍሳል። ቫዮሊኖቹ እየተጫወቱ መሆናቸው የሚታወቀው ደጋኑ ሲንቀሳቀስ በማየት ብቻ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው «ጀምረዋል ወይስ ገና ናቸው?» ብሎ አጠገቡ ያለውን ቢጠይቅ አይገርምም።

ሥራው «ከባድ ሙዚቃ» ተብሎ ወደ ጎን መገፋቱ ግን ትክክል አይመስለኝም። ሻሪኖን ለመስማት ኖታ ማንበብ አያስፈልግም፣ ቲዎሪም አይጠይቅም። ድምፆቹ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ናቸው፦ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የሌሊት ነፍሳት፣ ከግድግዳ ወዲያ የሚሰማ ወሬ። የሚያስቸግረው ጆሮን የት ማሳረፍ እንዳለብን አለማወቃችን ነው። ከዚህ በታች ያለው ይህንኑ ለማሳየት የተጻፈ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሻሪኖ የተወለደው በ1947 በሲሲሊ ደሴት ዋና ከተማ በፓሌርሞ ነው። ልጅ ሳለ የሚወደው ሥዕል ነበር። ሙዚቃ መጻፍ የጀመረው በ12 ዓመቱ፣ በአብዛኛው በራሱ ጥረት ተምሮ ነው። በ1962፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ ሥራው ለሕዝብ ቀረበ። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ ፓሌርሞ ከሚላንና ከሮም የራቀች የደሴት ከተማ ብትሆንም፣ በ1960ዎቹ «የአዲስ ሙዚቃ ዓለም አቀፍ ሳምንት» የሚባል ዝግጅት ታስተናግድ ነበር። በአውሮፓ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ድርሰት እዚያ ይቀርብ ነበር። ስለዚህ ልጁ መደበኛ የሙዚቃ ትምህርት ባይኖረውም መስሚያ ቦታ ነበረው። ኮንሰርቫቶሪ፣ ማለትም ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ አልገባም። በይፋዊ የሕይወት ታሪኩ ላይም ነፃ ሆኖ መወለዱን፣ በሙዚቃ ትምህርት ቤት ውስጥ አለመወለዱን እንደ ክብር ይቆጥረዋል። የሚያስቀው ደግሞ በኋላ ላይ በሚላን፣ በፔሩጃና በፍሎረንስ ኮንሰርቫቶሪዎች ለዓመታት ያስተማረው ይኸው ሰው መሆኑ ነው።

በ1969 ወደ ሮም፣ በ1977 ደግሞ ወደ ሚላን ሄደ። ከ1978 እስከ 1980 የቦሎኛ ኦፔራ ቤት የኪነ ጥበብ ዳይሬክተር ሆኖ ሠራ። ሰላሳዎቹን ዕድሜ ሲያጋምስ፣ ስሙ እየገነነ ባለበት ሰዓት፣ ትልልቆቹን ከተሞች ትቶ በኡምብሪያ ክልል ወደምትገኝ ቺታ ዲ ካስቴሎ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ገባ። ከተማዋ የሠዓሊው አልቤርቶ ቡሪ የትውልድ ስፍራ ናት፤ ቡሪ አሮጌ ጆንያ እየሰፋ፣ ፕላስቲክ እያቃጠለ ሥዕል የሠራ ሰው ነው። ሻሪኖም በ1998 ባሳተመው ከቤቶቨን እስከ ዘመናችን ያለውን ሙዚቃ በሚያብራራ መጽሐፉ ውስጥ ሙዚቃን የሚያስረዳው ከሥዕል፣ ከፎቶግራፍና ከሕንፃ ጋር እያስተያየ ነው። ከሙዚቃ በፊት ሥዕል የወደደው ልጅ እዚህ ላይ ይታያል።

አሁን ወደ ድምፁ እንግባ። ከፍሉት መጀመር ይሻላል፤ ሻሪኖ ከ1970ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ለብቸኛ ፍሉት የጻፋቸው ሥራዎች የመሣሪያውን ታሪክ ለሁለት የከፈሉ ናቸውና።

ፍሉት በተለመደው አነፋፈስ ነፊው ቀጭን የአየር ጅረት በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ሲልክ ይጮኻል። መምህራን ተማሪን ለዓመታት የሚያስጨንቁት ትንፋሹ ራሱ እንዳይሰማ፣ ንጹሕ ድምፅ ብቻ እንዲወጣ ነው። ሻሪኖ የተጣለውን ነገር አንሥቶ ይሠራበታል። ነፊው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ ድምፅ አለ፣ ሲያስወጣም አለ። የብረት ቁልፎቹ ሳይነፋ ሲመቱ ቀዳዳው ላይ «ጠቅ» የሚል፣ ግን የራሱ ከፍታ ያለው ድምፅ ይሰጣሉ። ከንፈርን እጅግ አላልቶ በጣም በቀስታ ሲነፋ ደግሞ ቀጭን ፉጨት ይወጣል፤ ይህን ፉጨት አንድ ቦታ ላይ አስሮ ማቆየት ለጥሩ ነፊም ያስቸግራል።

ከሁሉም የሚገርመው የምላስ ምት ነው። ነፊው የፍሉቱን የአፍ ቀዳዳ ከንፈሩ ውስጥ ያስገባና ምላሱን በኃይል ይወረውርበታል። ቀዳዳው ሲደፈን ቱቦው በአንድ ጫፍ ዝግ ይሆናል፤ አንድ ጫፉ ዝግ የሆነ ቱቦ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ክፍት ከሆነው አቻው ወደ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ «ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ» ያለው ርቀት) የሚጠጋ ዝቅ ያለ ድምፅ ያወጣል። ከዚያ ከቀጭን የብር ዘንግ ማንም የማይጠብቀው ወፍራምና ደረቅ «ዱብ» ይወጣል። ደጋግሞ ሲመታ ልብ ነው። ሻሪኖ ይህን ግኝት በዋዛ አልተወውም፤ ለቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት ድራማው በሙሉ የሚቆምበት ምሰሶ አደረገው።

(በነገራችን ላይ ዋሽንት ሲነፋ የሰማ ሰው በትንፋሹ ብዙም አይደናገጥም። የዋሽንት ትንፋሽ የዜማው አካል ነው፤ ማንም እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። በዚህ ረገድ የእኛ ጆሮ ከአውሮፓ ኮንሰርቫቶሪ ጆሮ ይልቅ ለሻሪኖ ቅርብ ሳይሆን አይቀርም።)

በቫዮሊንም ተመሳሳይ ሥራ ሠርቷል። በ1976 የጨረሳቸው ስድስት ካፕሪቾዎች ለታላቁ ቫዮሊኒስት ለሳልቫቶሬ አካርዶ የተጻፉ ናቸው። ካፕሪቾ፣ ማለትም የተጫዋቹን ችሎታ የሚፈትን አጭር ሥራ፣ ሲባል የቫዮሊን ጠቢቡ ፓጋኒኒ ትዝ ይላል፤ ሻሪኖም ይህን ሆን ብሎ ነው የሚያደርገው። የፓጋኒኒ ዓይነት ፈጣን የደጋን ዝላይ፣ የፓጋኒኒ ዓይነት ጣት የሚሰብር ችግር አለ። ልዩነቱ ጣቱ ክሩን እስከ እንጨቱ አለመጫኑ ነው፤ ዳሰስ ብቻ ያደርገዋል። ክሩ ልክ ግማሹ ላይ ከተዳሰሰ በሁለት ተከፍሎ ይርገበገብና አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ ሲሶው ላይ ከተዳሰሰ በሦስት ይከፈልና ከዚያም በላይ ይቀጥናል። ሃርሞኒክ የሚባሉት እነዚህ ድምፆች በተለመደው ሙዚቃ ውስጥ ጣል ጣል ተደርገው የሚገቡ ናቸው። እዚህ ከሞላ ጎደል ሥራው ሁሉ በእነሱ ነው። ተጫዋቹ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ይሠራል፣ የሚሰማው ግን የጥላ ያህል ነው። ጉልበቱ ሁሉ ወጥቶ ድምፁ አለመምጣቱ የራሱ ትያትር አለው፤ በዓይን ካልታየ ግማሹ ያመልጣል።

ኖታው ላይም አንድ ልማድ አለው። ድምፅ ቀስ በቀስ ይጨምር ለማለት ደራሲዎች የሚጠቀሙበት እንደ ሽብልቅ የሚከፈት ምልክት አለ። ሻሪኖ በሽብልቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ፣ ማለትም ዜሮ፣ ያስቀምጣል። ትርጉሙ ከምንም ጀምር፣ ወደ ምንም ተመለስ ነው። የድምፁ መነሻ የት እንደሆነ ማንም ጣቱን ቀስሮ «ይኸውና» ሊል እንዳይችል ያደርጋል። አድማጩ ያኔ የግድ ጆሮውን ያሾላል። ሲያሾል ደግሞ ያልተጻፈውን ሁሉ መስማት ይጀምራል፦ የአጠገቡን ሰው ጃኬት፣ የአዳራሹን አየር ማናፈሻ፣ የራሱን ምራቅ ሲውጥ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን? ብዙ ሰው የሻሪኖን ዝቅተኛ ድምፅ ለማሰላሰል፣ ለዕረፍት፣ ለመንፈስ እርጋታ የተሠራ አድርጎ ይገምታል። እኔ ደጋግሜ ስሰማው የሚሰማኝ ሥጋት ነው። ሌሊት ቤት ውስጥ ብቻውን የተኛ ሰው ኮሽታ ሲሰማ ጆሮው እንደሚቆመው ማለት ነው። ሻሪኖ በመጀመሪያ ደረጃ የትያትር ሰው ነው፤ ዝምታውም የሚጠብቀው ነገር ያለው ዝምታ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በ1998 የቀረበው «ኢንፊኒቶ ኔሮ»፣ «ጥቁር ወሰን አልባነት» እንደማለት፣ የተባለው ሥራ ነው። ታሪኩ ከ1566 እስከ 1607 የኖረችውን የፍሎረንስ መነኩሴ ማሪያ ማዳሌና ዴ ፓትሲን ይመለከታል። ሴትዮዋ ተመስጦ ውስጥ ስትገባ ለረጅም ጊዜ ዝም ትልና ድንገት ቃላት እንደ ጎርፍ ይወርዱባታል። ፍጥነቷ ለመጻፍ አይመችም ነበር፤ ስለዚህ ስምንት ጀማሪ መነኮሳት ይቀመጡላት ነበር ይባላል፤ አራቱ የሰሙትን ይደግማሉ፣ አራቱ ይጽፋሉ። የሻሪኖ ሥራ አንዲት ዘፋኝና ስምንት ተጫዋቾች አሉት። ቁጥሩን ልብ ይሏል።

ሲጀመር ዘፋኟ የለችም። የሚሰማው አየር ሲገባና ሲወጣ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ «ዱብ፣ ዱብ» የሚል ምት። ከዚያ ምንም። እንደገና ትንፋሽ። ክፍተቶቹ እኩል ስላልሆኑ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ መገመት አይቻልም፤ ጥቂት ደቂቃዎች ካለፉ በኋላ የሚሰማው ልብ የማን እንደሆነ ያጠራጥራል። የመነኩሴዋ ነው? የፍሉት ነፊው ነው? ወይስ የራስ? ከዚያ በድንገት፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ ድምፅ ይፈነዳል። ቃላቱ ተጋፍተው ይወጡና በዚያው ይቆረጣሉ። ወደ ግማሽ ሰዓት በሚጠጋው ሥራ ውስጥ ዘፋኟ በእውነት የምትዘፍንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ያንን ጥቂት ጊዜ የምናስታውሰው ግን በፊቱ በነበረው መጠበቅ ምክንያት ነው።

በ1983 ሚላን ላይ በቀረበው «ሎሄንግሪን» ደግሞ ከዚህም ይገፋል። ስሙ የዋግነርን ትልቅ ኦፔራ ያስታውሳል፤ የሻሪኖ ምንጭ ግን ፈረንሳዊው ጸሐፊ ዡል ላፎርግ በዚያው ታሪክ ላይ የጻፈው ፌዝ ነው። ደራሲው ሥራውን «የማይታይ ድርጊት» ብሎታል። አንዲት ተዋናይ የታሪኩን ሙሽሪት ኤልሳን ሆና ትጫወታለች። ድምፆቹ ከአፏ ይወጣሉ፦ ርግብ፣ ውሻ፣ ሰዓት፣ ምራቅ፣ ማዛጋት። ሙሽራውም ሠርጉም በእሷ ጉሮሮ ውስጥ ነው ያሉት። ወደ መጨረሻው ያለችው የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ መሆኑ ሲገለጥ ያለፈው ሁሉ በአንዴ መልኩን ይቀይራል።

ብዙ ጊዜ የሚታየውና እኔም ከሁሉ አስበልጬ የምወደው «ሉቺ ሚዬ ትራዲትሪቺ» ነው፤ «የከዱኝ ዓይኖቼ» ብንለው ይሆናል። በ1998 በጀርመን ሽቬትሲንገን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀረበ። ከጀርባው ያለው እውነተኛ ወንጀል ነው። የቬኖዛው መስፍን ካርሎ ጄዙዋልዶ፣ በዘመኑ ተወዳዳሪ የሌለው የሙዚቃ ደራሲ፣ በ1590 ኔፕልስ ውስጥ ሚስቱን ማሪያ ዳቫሎስንና ወዳጇን በአንድ አልጋ ላይ አስገደላቸው። ባላባት ነበርና ለፍርድ አልቀረበም። ሻሪኖ በመጀመሪያ ታሪኩን በግልጽ ሊሠራው አስቦ ነበር፤ ሩሲያዊው አልፍሬድ ሽኒትኬ በዚሁ ሰው ላይ ኦፔራ እየጻፈ መሆኑን ሲያውቅ ግን የጄዙዋልዶን ስም አወጣው። እንደ መነሻ የተጠቀመው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ በጃቺንቶ አንድሬያ ቺኮኚኒ ተውኔት ነው። ገጸ ባሕርያቱም አራት ብቻ ሆኑ፦ መስፍኑ፣ ሚስቱ፣ እንግዳውና አገልጋዩ። እንደኔ ስሙ መውጣቱ ጠቅሞታል፤ የአንድ ታዋቂ ሰው ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የአንድ ቤት ታሪክ ሆነ።

ጠዋት ላይ ሚስትየዋ ጽጌረዳ ስትቆርጥ እሾህ ይወጋታል። ባሏ ደሙን አይቶ ራሱን ይስታል። ከዚያ እንግዳው ይመጣል፣ ፍቅር ይጀመራል፣ ሚስትየዋን በልቡ የሚመኘው አገልጋይ አድብቶ ያይና ለጌታው ይናገራል። ባል ይቅር ይላል፤ ቢያንስ አፉ እንደዚያ ይላል። ማታ መኝታ ቤት ውስጥ የአልጋው መጋረጃ ሲገለጥ የእንግዳው አስከሬን እዚያ አለ፤ ቀጥላ የምትሞተው እሷ ናት። ደም ሲያይ የሚወድቀው ሰው በዚያው ቀን ማታ የሚያደርገው ይህ ነው። አንድ ሰው እንኳ አይጮህም።

ዘፈኑን በቅርብ ብንመለከተው እንዲህ ነው። አንድ ቃል በአንድ የተያዘ ድምፅ ይጀምራል፤ ከምንም ይነሣና ቀስ ብሎ ያብጣል፣ ልክ ሰው የሚለውን ሲያመነታ። ጫፉ ላይ ሲደርስ የቀሩት ቃላት በአንድ ትንፋሽ ተንሸራትተው ወደ ታች ይፈሳሉ፤ ፈጥነው፣ ከንግግር ብዙም ሳይርቁ። ማመንታት፣ ከዚያ ማምለጥ። ባልና ሚስቱ ፍቅራቸውን የሚገልጹት በዚህ መንገድ ነው፣ የሚጠራጠሩትም በዚሁ መንገድ ነው፤ ስለዚህ የሚሉት ሁሉ የተደበቀ ነገር ያለው ይመስላል። በዙሪያቸው መሣሪያዎቹ የአትክልት ስፍራውን ነፍሳትና ወፎች ያሰማሉ። ተፈጥሮ የሚሆነውን የምታውቅ፣ እነሱ ግን የማያውቁ ይመስላል።

አንድ ተጨማሪ ጥበብ አለ። ኦፔራው የሚከፈተው ፈረንሳዊው ክሎድ ለ ዠን በጻፈው የቆየ የሐዘን ዜማ ነው፤ አንዲት ድምፅ ብቻዋን ታዜመዋለች። ይህ ዜማ በትዕይንቶች መካከል በመሣሪያ ይመለሳል። መጀመሪያ በደንብ ይለያል። በተመለሰ ቁጥር ግን ይበላሻል፦ ትንፋሽ ይገባበታል፣ ክፍሎቹ ይረግፋሉ፣ በመጨረሻ ዜማ የነበረው ነገር ፍርስራሹ ብቻ ይቀራል። ትዳሩ እንዴት እንደሚፈርስ ማንም ሳይነግረን በጆሯችን እናየዋለን።

አሮጌ ሙዚቃን እንዲህ መጥራት ለሻሪኖ ልማዱ ነው። በ1985 ለቫዮሊንና ለኦርኬስትራ የጻፈው «የሌሊት ምሳሌ» በሜንዴልሰን ታዋቂ ኮንቼርቶ ይጀምርና ወዲያው መሬቱ ይከዳል፤ አድማጩ ከዚያ ዜማ ጀርባ ወዳለ ጨለማ ይገባል። በ1981 «ኤፌቦ ኮን ራዲዮ» በተሰኘው ሥራው ደግሞ ኦርኬስትራው በሙሉ የልጅነቱ ዘመን ራዲዮ ይሆናል፤ ጣቢያ ሲፈለግ የሚሰማው ጩኸት፣ የተቆረጠ ዘፈን፣ የአንባቢ ድምፅ፣ ሌላ ጩኸት። በኮምፒዩተር ላይ አንዱን መስኮት ዘግቶ ሌላውን እንደ መክፈት ያለውን ይህን አሠራር ራሱ ሻሪኖ «የመስኮት ቅርጽ» ይለዋል። ከተለመደው ድርሰት የሚለየው ድልድይ ስለሌለው ነው፤ አንዱ ነገር ወደ ሌላው አይሸጋገርም፣ ይቆረጣል።

ሁሉም ሥራው ለጥቂት ሰው በጠባብ አዳራሽ የተጻፈ አይምሰላችሁ። በ1997 የጻፈው «የተቆረጠው የድምፆች ክበብ» አራት ብቸኛ ፍሉት ነፊዎችና ሌሎች መቶ ፍሉት ነፊዎች አሉት። መቶዎቹ እየነፉ በታዳሚው መሐል ይጓዛሉ። የሚሠሩት ቀላል ስለሆነ ተማሪዎችና አማተሮች ሊሳተፉበት ይችላሉ፤ መቶ ሰው በአንድ አዳራሽ ሲተነፍስ የሚሰማው ግን ቀላል አይደለም።

የሚነቅፉት ሰዎች አሉ፤ በከፊል እውነት አላቸው። በ1970ዎቹ ያገኛቸው ጥቂት ድምፆች በ2000ዎቹም እዚያው አሉ፤ አንዱን ሥራ ከሌላው መለየት አስቸጋሪ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያ የተንሸራተተ አዘፋፈን ለጄዙዋልዶ ሚስት ልክ የሆነውን ያህል በ2002ቱ «ማክቤዝ» ላይ ያስፈለገ አይመስለኝም። የሚደግፉት ደግሞ የራሱን ቋንቋ ያገኘ ሰው በየአምስት ዓመቱ አዲስ እንዲያወጣ ለምን ይጠየቃል ይላሉ። ሽልማቱ በበኩሉ ዘነበ፤ በ2016 የቬኒስ ቢየናሌ ለዕድሜ ልክ ሥራው ወርቃማውን አንበሳ ሰጠው።

በ2017 ደግሞ በሚላኑ ላ ስካላ፣ በዚያ የትልልቅ ጉሮሮዎች ቤት፣ «አይሻለሁ፣ እሰማሻለሁ፣ እጠፋለሁ» የተሰኘ አዲስ ኦፔራው ወጣ። ርእሰ ጉዳዩ በ1682 ጄኖዋ ውስጥ የተገደለው የሙዚቃ ደራሲ አሌሳንድሮ ስትራዴላ ነው። ሮም ውስጥ በአንድ ቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች ልምምድ ላይ ናቸው፤ ስትራዴላ የሚልክላቸውን አዲስ አሪያ (ለአንድ ዘፋኝ የተጻፈ ዜማ) ይጠብቃሉ። ሰውዬው ግን መድረክ ላይ አንዴም አይታይም፤ የሚመጣው የሞቱ ወሬ ነው። ገዳይ የነበረውን ደራሲ አንዴ ጽፎ ስሙን ደበቀ፣ የተገደለውን ደራሲ ሲጽፍ ደግሞ ስሙን ጠርቶ ራሱን ደበቀው።

መስማት ለሚፈልግ የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ከስድስቱ ካፕሪቾዎች አንዱን፣ የሚቻል ከሆነ ተጫዋቹ በሚታይበት ቪዲዮ፤ ቀጥሎ «ኢንፊኒቶ ኔሮ»ን ያለማቋረጥ፤ ከዚያ «ሉቺ ሚዬ ትራዲትሪቺ»ን ከነግጥሙ። በስልኩ የራሱ ስፒከር ወይም ታክሲ ውስጥ አይሞከርም፤ ግማሹ ድምፅ አይወጣም። የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ ምንም አልሰማም ብላችሁ ድምፁን እስከ ጥግ አትክፈቱት፤ መነኩሴዋ አፏን ስትከፍት ጆሯችሁን ያማችኋል።